ግማሽ ጥፍር ያጠረ በር

ነጩ ኮላ አለቀብኝና ምህረት፣ የልጅ ልጄ፣ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት አናጺዎች ያንን የድሮውን ኮላ ይዛልኝ መጣች፤ ያ ቡናማው፣ እንደ ከረሜላ ኳ ብሎ የሚሰበረው። በጣሳ ውሃ ጨምሬ ከሰል ላይ ጣድኩት። ትንሽ ቆይቶ መሟሟት ሲጀምር ሽታው ቤቱን ወረሰው፤ የቆዳ፣ የቀንድ፣ የተቀቀለ አሮጌ ጫማ ሽታ ነው፣ አልዋሽም። ምህረት አፍንጫዋን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ ይባስ ብዬ ጣሳው ላይ ተደፋሁና በረጅሙ ሳብኩት። ሳብኩትና ጉልበቴ መታመሙን ረሳሁ፣ ጥርሴ መርገፉን ረሳሁ፣ ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ትንሽ ወታደር የደበቀች የአስር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ቆይ፣ መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር፣ አለዚያ አሮጊቷ ጃጅታለች ትላላችሁ። እኔ ተራራ ሠሪ ነኝ። ገደል፣ ወንዝ፣ ዋርካ፣ የሳር ቤት፣ የጭቃ መንገድ፣ ሁሉንም እሠራለሁ፤ ሁሉም ታዲያ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ነው። የአሻንጉሊት ወታደር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ ሪዛቸው የሸበተ፣ መኪና የሚነዱ፣ ቢሯቸው ሲገቡ ሰው የሚነሳላቸው ናቸው። ሴት ልጅ አሻንጉሊት ስትይዝ «ተይ አንቺ፣ አድገሻል» ትባላለች፤ ወንድ በሃምሳ ዓመቱ ሲይዝ «ሰብሳቢ» ይባላል። ይሁን። ወታደሩን ያመጣሉ፣ ቀለም ይቀቡታል፣ ከዚያ የሚያቆሙበት ያጣሉ። መሬቱን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ተራራው ከዚያ ከቀላሉ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ላይ ከሚንሳፈፈው፣ ተረከዛችንን ከምንፈገፍግበት፤ በመጋዝ እንደ ዳቦ ይቆረጣል። ሳሩ ሰጋቱራ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ጠጥቶ የደረቀ። የቤቱ ክዳን ቃጫ፣ ዛፉ የተፈተለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከዛፉ ሥር የረገፈው ቅጠል ደግሞ ተጠጥቶ የተረፈ ሻይ ቅጠል ነው። ምህረት የምትሠራው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኔ ስሠራ በስልኳ እያነሳች ትለጥፈዋለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬዬ ከሐዋሳ ወጣ። ይሄንንም የምትጽፈው እሷ ናት። ከራሷ አንድ ቃል ከጨመረች ጆሮዋ እጄ ላይ ነው።

ዘንድሮ አንድ የአዲስ አበባ የጥርስ ሐኪም አዘዘኝ። ሰብሳቢዎቹ ወታደሮቻቸውን ለሰው የሚያሳዩበት አዳራሽ አለ አሉ፤ እዚያ የሚያቀርበው ኮረብታና አምስት ቤት ያለው መንደር ፈለገ። «ከጠረጴዛው አጠገብ ስምዎን ካርድ ላይ አስጽፌ አቆማለሁ» አለኝ በስልክ። እዚህ ላይ ልቤ ዘለለች፣ ምን አስዋሸኝ። ስሜን እኔ ማንበብ አልችልም፣ ሌላ ሰው ቆሞ እንዲያነበው ግን እፈልጋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ተራራዬ ላይ የሰው ወታደር ቆሞ ሲደነቅ፣ ተራራውን ማን አመጣው ያለ አንድም ሰው የለም።

ጨርሼ ፎቶው ሲላክለት ታዲያ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በሮቹ ያጥራሉ፣ ወታደሮቼን ጭንቅላታቸውን ይመታቸዋል። ሁለተኛ፣ ከአምስቱ ቤት ሦስቱ የተቃጠሉ ይሁኑ፣ ጣሪያቸው ይውረድ፣ ግድግዳቸው ይጥቆር፤ ጦር ሜዳ ነውና፣ አለዚያ ለአዳራሹ አይሆነኝም። ካልሆነው ደግሞ ካርዱም የለም፣ ስሜም የለም። ምህረት ከሰል ፈጭታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝና፣

«እማዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው» አለችኝ።

ድንጋይ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የተፈጨውን ከሰል ግን አልነካሁትም። የላላ አጥር አለ፣ መጀመሪያ እሱን ላጣብቅ ብዬ ኮላውን ጣድኩ። ያኔ ነው ሽታው ይዞኝ የሄደው።

ያኔ ሐዋሳ ገና ልጅ ነበረች፣ እንደ እኔ። ግራሩ ከቤቱ ይበዛል፣ ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ የሰው ጎመን ይበላል፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ቦታ ተሰጥቷቸው ከየአገሩ እየመጡ አጥር ያጥራሉ። ከእኛ አጥር ወዲያ የነበሩት ሻምበል ነበሩ፤ አንድ እግራቸው የማይታጠፍ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሲያነጥሱ እንኳ በትዕዛዝ የሚያነጥሱ ሰው። እናቴ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ እኔ የተተኮሰውን በራሴ ተሸክሜ አደርሳለሁ። ወንድሜ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እኔ ልብስ ለማድረስ ፊደል አያስፈልግሽም ተባልኩ። እውነታቸውን ነው፣ አላስፈለገኝም፤ በአጥር ቀዳዳ ነበር የምሾልከው።

ሻምበል አንድ የእንጨት ሳጥን አላቸው፣ ብርድ ልብስ የለበሰ። ውስጡ አርባ ወታደር። ከእርሳስ የተሠሩ ናቸው፣ ከሚጻፍበቱ ሳይሆን ከጥይቱ እርሳስ፤ ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ ከአውራ ጣቴ አንጓ ትንሽ የሚበልጡ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት እንግዶች ይመጣሉ። አንዱ አስር አለቃ ነበሩ፣ እንደተቀመጡ እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ሌላው የሒሳብ መምህር። መምህሩን አንቱ አልለውም፣ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። ሦስቱ ሆነው አንድ አሮጌ በር ከማጠፊያው ነቅለው ሁለት በርሜል ላይ አጋድመውታል፤ ጠረጴዛቸው እሱ ነው። እዚያ ላይ ወታደሮቹን እየገፉ ይጨቃጨቃሉ፣ «ተራራውን ይዤብሃለሁ»፣ «አልያዝክም»፣ «ይዣለሁ እንጂ»። ተራራ የሚሉት መጽሐፍ ተደርድሮ ብርድ ልብስ የለበሰ ነው።

መጀመሪያ ቀን ሳየው ልብሱን አስቀምጬ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?» አሉ ሻምበል።

«ተራራው ትራስ ይመስላል፣ ሻምበል።»

መምህሩ ሊያባርረኝ ተነሳ። ሻምበል በእጃቸው አስቀመጡትና፣ «እንግዲያው የተሻለ አምጪ» አሉኝ።

አመጣኋ። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወርጄ ያንን ተንሳፋፊ ድንጋይ በቀሚሴ አቅፌ መጣሁ፣ በእናቴ የወጥ ቢላ ፈለጥኩት፣ በዚያም ተገረፍኩ፤ ተራራው ግን ተራራ ሆነ፣ ጥላ የሚጥል፣ ገደል ያለው፣ ጎኑ ላይ የፍየል መንገድ የሄደበት። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። የአናጺውን ኮላ ለምኜ፣ ሰጋቱራውን ጠርጌ፣ ከአስር አለቃ ኪስ የሲጋራውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት በእንቅልፋቸው እየመዘዝኩ፣ ማበጠሪያ ጥርስ ላይ ጫን ጫን ሳደርገው የቆርቆሮ ጣሪያ ይሆንልኛል። የመጀመሪያው ቤቴ ላይ ግን ተሳስቻለሁ። ወታደሩን አጠገቡ አቁሜ በሩን ስለካ፣ ወታደሩ ወፍራም መቆሚያ ላይ እንደቆመ ረስቼ ከነመቆሚያው ለካሁት፤ የጎጆው በር የካቴድራል በር ሆኖ አረፈው። ሻምበል አይተው፣ «እዚህ ቤት የሚኖረው ማነው፣ ከነበቅሎው ነው የሚገባው?» አሉ። ከዚያ ጠመንጃው የተሰበረ አንዱን ወታደር መረጡና መቆሚያውን በሞረድ ሞርደው ሰጡኝ። «ቁጥር አታውቂም። በሰው ለኪ» አሉኝ። ያንን ወታደር ቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁት። በር በእሱ፣ መስኮት በወገቡ፣ አጥር በትከሻው። መምህሩ በማስመሪያ ሲፈትነኝ አንድም ቀን ስቼ አላገኘም፣ በዚህም አልወደደኝም።

ከዚያ መንደር ሥሪ ተባልኩ። አምስት ቤት ሠራሁ። አንዱ የእኛ ቤት፣ አንዱ ቡሹሎ ያለችው አክስቴ ቤት ከነእንሰቱ፣ ሌሎቹም የማውቃቸው። ቤት ሠርቼ ባዶ መተው ደግሞ አልሆነልኝም። ሦስት ዶሮ ከሰም አበጀሁ። በክር የልብስ ማስጫ ገመድ ዘረጋሁ፣ ከሽቦና ከእናቴ ቀሚስ ብጣሽ አንዲት ሴት ሠርቼ ገመዱ ሥር አቆምኩ፣ ገመዱ ላይ ከሻምበል የተቀደደ ካኪ የቆረጥኳትን ሸሚዝ ሰጣሁ። ሸሚዟ የጥፍሬን ያህል ናት፣ እጅጌ ሁሉ አላት።

እሁድ መምህሩ መጣ፤ አየና ዶሮዎቹን ለቀመ፣ ሴትዮዋን ነቀለ፣ ገመዱን በጠሰ።

«ይሄ ጦር ሜዳ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ሴትና ዶሮ የለም።»

«ታዲያ ቤቱ የማነው?» አልኩት።

ያኔ ነው ጆሮዬን የጎተተው። ይሄው አንቱታውን ያስቀረሁበት። ጎትቶም አልበቃው፣ ክብሪት መዳፌ ላይ አስቀመጠና፣ በሚቀጥለው እሁድ መድፍ በዚህ ስለሚያልፍ ሦስቱን ቤት አቃጥለሽ አቆዪ አለኝ፤ ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ በሥርዓት። ሻምበልን አየኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያ ሳምንት ረዘመብኝ። ካቃጠልኩ የእናቴን ቤት ነው የማቃጥለው፤ ካላቃጠልኩ የአጥሩ ቀዳዳ ይዘጋብኛል፣ ተራራዬንም ሁለተኛ አልነካውም። ሌላ ተራራ ደግሞ አልነበረኝም፤ ወንድሜ ደብተር አለው፣ እኔ ያለኝ ያ በር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሻምበል ሐይቅ ሲወርዱ በቀዳዳው ገባሁ። ክብሪቱን ጫርኩት። ጫርኩና ከሰል አቀጣጠልኩበት፣ ኮላውን ጣድኩበት።

አርባውንም ወታደር አወጣሁ። ተንበርክኮ የሚተኩሰውን ከዶሮዎቹ ፊት አስቀመጥኩት፣ ጥሬ የሚበትን ይመስላል። በደረቱ ተኝቶ የሚያነጣጥረውን ዋርካው ሥር፣ እንቅልፍ እንደወሰደው። ቦምብ ሊወረውር እጁን ያነሳው ገመዱ ጋ ሄደ፣ ልብስ ያሰጣ። መለከት የሚነፋው ከጠርሙስ የሚጠጣ ሆነ፣ ምን እንደሚጠጣ እሱ ያውቃል። ሰልፍ የቆሙት በሙሉ ቦኖ ላይ ለውሃ ወረፋ ያዙ። በፈረስ ያለውን ጄኔራል ፈረሱ ላይ ጭራሮ ጭኜለት ወደ ገበያ ሰደድኩት። የመጨረሻው ያ የእኔው ነበር፣ ጠመንጃው የተሰበረው፤ እሱን ከቀሚሴ ፈትቼ የእኛ ቤት በር ላይ አቆምኩት፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው። ሁሉንም ታዲያ በትኩስ ኮላ፣ ከሥሩ፣ ጠብ አድርጌ። ሴትዮዋንም መለስኳት፣ ገመዱንም አዲስ ዘረጋሁ።

እሁድ ልብስ ባልያዝም ልብስ ያደረስኩ መስዬ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። መምህሩ እጁን እያፋተገ መጣ፣ ያልተቃጠለውን መንደር አየ፣ ዓይኑ ጆሮዬን ፈለገ፣ እሱን ለኋላ አቆይቶ ጄኔራሉን ያዘ። አልመጣም። ሳብ አደረገው፤ አልመጣም። በሁለት እጁ ሲስበው በሩ ራሱ ከበርሜሉ ተነሳ፣ ተራራው፣ ዋርካው፣ ዶሮው፣ ሠራዊቱ ሁሉ አብሮ። አስር አለቃ ነቅተው «ምንድነው፣ መሬት ተንቀጠቀጠ?» አሉ።

ሻምበል ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ መጀመሪያ ሳል የያዛቸው መሰለኝ። ያንን የማይታጠፍ እግራቸውን ይዘው፣ ወንበራቸው እስኪንጓጓ ሳቁ፤ ሳቁና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«መምህር፣ ተዋቸው። ሰዎቹ ቤታቸው ገብተዋል» አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ጉድ፣ የእኔስ ቤት የትኛው ነው?»

ለእሳቸው ቤት አልሠራሁም ነበር፣ ትዝም አላለኝ። ግን አፌ መቼ ይጠፋዋል፤ ካኪው ሸሚዝ የተሰጣበትን አሳየኋቸው። ብዙ አዩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ በር ግድግዳ ሥር እንደተጋደመ ቀረ፣ ሦስቱ ሰዎች እሁድ ካርታ መጫወት ጀመሩ። መምህሩ ለሁለት ወር አኮረፈኝ። አንድ እሁድ ግን መጣና ሳያየኝ መንደሩ ውስጥ አንዲት ነጭ ዶሮ አስቀመጠ፣ ከጠመኔ የተቀረጸች፣ ምንቃሯ ሳይቀር። ይቅርታው እሱ ነበር። ዶሮዋን አጣበቅኳት፣ አንቱታውን ግን አልመለስኩለትም።

ሻምበል ሲያርፉ እኔ አግብቼ ቱላ ነበርኩ። ስደርስ ቤቱን ዘመዶቻቸው ይዘውታል፤ ወታደሮቹን በቢላ እየፈለቀቁ ሳጥን ውስጥ ከተዋል፣ መንደሩን ከቆሻሻው ጋር ጥለውታል። ኮላዬ ግን በቀላሉ አልሰጣቸውም፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ያ የእኔው ወታደር ከቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ፣ ለምንም አይሆንም ተብሎ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘሁት። እግሩ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል፤ ድንጋዩ ደግሞ የት እንደወደቀ አልታወቀም። ሁለት ቀን ጎርፍ ማውረጃውን ሁሉ ፈለግሁ፣ አማቴ አበደች አሉ። አላገኘሁም።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ኮላው ፈልቶ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። ምህረት ተመልሳ ገባች። ለሐኪሙም የሠራሁት ያንኑ የድሮውን መንደር ነበር፣ እነዚያኑ አምስት ቤቶች። አጥሬን አጣበቅሁ፣ ገመዴን ዘረጋሁ፣ ሴትዮዋን አቆምኩ፣ ካኪ ሸሚዝ ሰጣሁ። የፈጨችውን ከሰል ለማጀቷ መለስኩላት። የመንደሩ መላኪያ ሣጥን ከመታሸጉ በፊት አንድ ሙሉ ክብሪት አስመጣሁና እንጨቶቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግሁ ደረደርኳቸው፤ ሁሉም ጓደኛ ነበረው። መልሼ ከትቼ ከመንደሩ ጋር አስቀመጥኩት። ምህረት ስልኳን አፌ ላይ ደቀነችልኝ፣ ድምፄ እንዲሄድለት።

«ልጄ» አልኩት፣ «ቤቶቹን እኔ አላቃጥላቸውም። ካርዱም ይቅር፣ ስሜም ይቅር። ማቃጠል ካማረህ ክብሪት ልኬልሃለሁ። ከመጫርህ በፊት ግን በሩን አንኳኳ፣ ሰው አለበት።»

ምህረት አንገቷን ነቀነቀች። «አበላሸሽው፣ እማዬ።»

አበላሽቼ ይሆናል። ሣጥኑ በአውቶቡስ ሄደ። አንድ ሳምንት ዝም፣ ሁለት ሳምንት ዝም። አልጸጸተኝም ብል ውሸት ነው፤ ማታ ማታ ያንን ካርድ አስበዋለሁ፣ ምን ቀለም ይሆን እያልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከመናኸሪያ ትንሽ እሽግ መጣልኝ። ፈታሁት። ክብሪቴ ነው። ጥንድ ጥንድ አድርጌ ደረደርኩ፤ አንዷ ያለ ጓደኛ ቀረች።

«ጫረው» አልኩ።

«ቆይ፣ ፎቶ ልኳል» አለች ምህረት፣ ስልኳ ላይ እያሰፋችው።

አንድ በአንድ አየሁ። የእኛ ቤት ጣሪያው አለ። የቡሹሎዋ አክስቴ ቤት ጣሪያው አለ። አምስቱም አሉ። ወታደሮቹን ከመንደሩ ውጭ፣ ከኮረብታው ማዶ አቁሟቸዋል። ታዲያ ክብሪቷ የት ሄደች? ምህረት ናት ያየችው። የልብስ ገመዴ በአውቶቡሱ ንቅናቄ ረግቦ ሸሚዟ ጭቃ ላይ ደርሳ ነበር ለካ፤ አሁን መሃሉ ላይ ባላ ተደግፎለታል። ያቺ ክብሪት ናት። ቀዩ ራሷ ተፍቆ፣ ጫፏ ተሰንጥቆ፣ ገመዱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ። ያ ሐኪም በገዛ እጁ ነው የሠራው፣ ስንጥቁ የጥርስ መሣሪያ ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል። ባላው ትንሽ ረዝሟል፤ ይሁን፣ ጀማሪ ነው።

ከጠረጴዛው ጎን ካርዱ ቆሟል። ነጭ ነው። «ጥሩነሽ፣ ሐዋሳ ይላል» አለች ምህረት። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር። ከፎቶው ሥር ደግሞ አንድ መስመር ጽፏል አለችኝ፤ «እናቴ፣ በሮቹ ግን አሁንም ያጥራሉ።»

ያጥራሉ። አውቃለሁ። እስከ ዛሬ በዚያው ወታደር ነው የምለካው፣ እግር በሌለው። ሐይቁ ዳር አሁን ታጥሮ ሆቴል ሆኗል፣ ድንጋዬን ቱላ መንገድ ብሎኬት ከሚሠሩት ለምኜ ነው የማመጣው፤ የሻምበል ግቢ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ የአጥራችን ቀዳዳ የነበረበት ቦታ መኪና ይቆማል። ሦስቱም ሰዎች የሉም፣ መምህሩም የለም፣ ነፍሳቸውን ይማረው፤ ይሄው አንቱ አልኩት። ይሄ ሁሉ ጉድለት ምን ያህል ነው ብትሉኝ ቁጥር አላውቅም፣ በሰው ነው የምለካው፤ የአንድ እርሳስ ወታደር እግር ያህል ነው፣ ግማሽ ጥፍር። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት በር ሁሉ በዚያች ግማሽ ጥፍር ያጥራል። ምህረት አዲስ፣ እግር ያለው ወታደር ላምጣልሽና በእሱ ለኪ ትለኛለች። እምቢ። በሬን አላስረዝምም። ጭንቅላቱን የሚመታው ወታደር ካለ ዝቅ ይበል፤ ሰው ቤት እኮ ነው የሚገባው።